የእጅ ራጅ የልደት ቀን አይናገርም

ይህን ነገር ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሳምንት አለፈኝ። የጥር ሠርግ ባይቃረብ ኖሮ ዝም እል ነበር።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ዘጠነኛ ክፍል። ስሟንም ቀበሌዋንም አልናገርም። ቤታቸው ጌሾ መወቀጥ ሲጀመር ጓደኞቿ መጥተው ነገሩኝና አባቷን ላነጋግር ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ጠላ ቀድተው ነው የተቀበሉኝ። "ጋሼ፣ ልጅቱ እኮ ገና ናት" ስላቸው ከሳጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ማኅተም አለው። በራጅ ምርመራ ዕድሜዋ ከ17 እስከ 19 ዓመት ይገመታል ይላል። "መምህር፣ ሐኪም 19 ብሏል። እርስዎ ከሐኪም ይበልጣሉ?" አሉኝ።

17 የሚለውን ያነበበ ሰው የለም። አባትየው 19ን አነበቡ፣ ሽማግሌዎቹ 19ን አነበቡ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ ፋይል ውስጥ የከተተው ኃላፊም 19ን አነበበ። ልጅቱ ዛሬ ክፍል ውስጥ የለችም።

እኔ በዲፕሎማ የማስተምር የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ሐኪም ነኝ አልልም። ግን ይህቺን ያህል አውቃለሁ። የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ ልምአጥንት አለ። ልጁ ሲያድግ እሱ ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ይለወጥና ይዘጋል። ራጅ የሚያሳየው ምን ያህሉ እንደተዘጋ ነው። በቃ። የተወለደችበትን ቀን የሚያሳይ ራጅ በዓለም ላይ የለም። በደንብ የበላችና በሽታ ያልነካት ቀድማ ትዘጋለች፣ ምግብ የጎደላት ትዘገያለች። እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች የአጥንት ዕድሜያቸው አንድና ሁለት ዓመት ቢለያይ ጤነኛ ናቸው።

ራጁ የሚመሳከረውስ ከምን ጋር ነው? በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ግሩሊክና ፓይል የተባሉ አሜሪካውያን በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የግራ እጅ ራጅ አትላስ ነው። ሥዕሎቹ የተሰበሰቡት በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ክሊቭላንድ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኑሯቸው ደህና ከነበረ ነጭ ልጆች ነው። የጃናሞራን ልጅ ከእነሱ ጋር አስተያይቶ "ዕድሜሽ ይህ ነው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ኳስ የምትወዱ ደግሞ ይህን ስሙ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የወንዶችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል። ለሴቶቹስ? የፊፋ ተመራማሪዎች ሞክረውት ለሴቶች አይሆንም ብለዋል፤ የሴት ልጅ አጥንት ቀድሞ ስለሚዘጋ 17 ሳይሞላት ያለፋት ሊመስል ይችላል። እንግዲህ ለኳስ ያልታመነ ነገር ነው እዚህ ለትዳር የሚታመነው! በሀብታሞቹ አገር "ባዮሎጂካል ዕድሜህን በደም ልንገርህ" የሚለው ገበያም ያው ነው። ስቲቭ ሆርቫዝ የተባለው ሳይንቲስት በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስመ ጥሩ የዲኤንኤ ሰዓት እንኳ ስህተቱ ወደ 3.6 ዓመት ይጠጋል። ለሃምሳ ዓመት ጎልማሳ ምንም አይደለም። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ከትምህርት ቤት ወደ ጓዳ የሚያስገባ ልዩነት ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ምርመራው የሚለካው ለአቅመ ሔዋን መድረሷን ነው። ይህንንማ አያቶቻችን ያለ ራጅ በዓይናቸው ይለኩት ነበር። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ይላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ 13 ዓመት የሞላትን ልጅ ለአካለ መጠን ሳትደርስ ያገባ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ያለችውን ያገባ እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል።

የኛ ሰው ዕድሜ ደግሞ እንደ ላስቲክ ነው። ለሩጫና ለኳስ ሲሆን ያጥራል፣ ለዳርና ለአረብ አገር ሲሆን ይረዝማል። ቴዎድሮስ ደረስጌ ማርያም የነገሡበትን የካቲት 1847 አፋችንን ሞልተን እንናገራለን፤ የገዛ ልጃችን የተወለደችበትን ወር ስንጠየቅ ግን ወደ ራጅ ክፍል እንልካታለን። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ገጠር አንደኛ ደረጃ ሳስተምር መስከረም ላይ ስንት ልጅ ቁመቱን እያየሁ "7" ብዬ መዝግቤያለሁ! ያ መዝገብ ዛሬ ማስረጃ ተብሎ ይጠቀሳል።

"ታዲያ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላት ምን ይደረግ?" የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ዛሬ ለዳር የሚታጩት ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ግን ክርስትና ተነስታለች አይደል? ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የክርስትና እናቷ በየትኛው ዓመት፣ የማን በዓል ሰሞን እንደነበር አትረሳም። የክትባት ካርድም አለ። የመጀመሪያው የፔንታቫለንት መርፌ በስድስት ሳምንት ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ ወደኋላ መቁጠር ሒሳብ እንኳ አይባልም። ይህ ሁሉ ተፈልጎ ሲጠፋ ብቻ ነው ራጅ የሚታየው፤ ያኔም "ከ17 እስከ 19" ከተባለ 17ቱ ይነበብ። ጥርጣሬው ለልጅቱ ይሁን እንጂ ለደጋሹ አይሁን።

የዚያችን ተማሪ እናት ከሠርጉ በኋላ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። የክትባት ካርዷ አለ ወይ አልኳቸው። አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው አሉኝ። ሄጄ አየሁት። ወረቀቱ ከወጣበት ሳጥን ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ስቆጥረው 15 ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሐኪሙም፣ ኃላፊውም፣ እኔም አልጠየቅንም ነበር።

ታናሽ እህት አለቻት፣ ሰባተኛ ክፍል። የእሷን ካርድ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። መምህራን የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዳባትም ሁኑ ደባርቅ፣ ነገ ክፍል ስትገቡ ሴት ተማሪዎቻችሁን "ካርዳችሁን አምጡ" በሏቸው። ጥር ሳይገባ።