ጓጓ

የዛሬው ወጋችን በአንዲት የስፓኒሽ ቃል ይጀምራል። ቃሏ «ጓጓ» ናት። አትሳቁ፤ በአማርኛ ሌላ ነገር እንደሆነች አውቃለሁ፤ ወደሱም እንመጣለን።

አጎቴ ስፓኒሽ የተማረው ኩባ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በሶማሊያ ጦርነት ያጡ፣ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው የኩባ ደሴት ለትምህርት ተልከው ነበር። እሱም በአሥራ አንድ ዓመቱ አብሯቸው ሄደ። ግማሽ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ ቀን የግሬፕ ፍሩት እርሻ ላይ እየዋለ አደገ። ሲመለስ ጢም አብቅሎ ነበር። ዛሬም የሚናደደው በስፓኒሽ ነው። ምን እንደሚል አይገባንም፤ ባይገባን ይሻላል ብለንም ትተነዋል።

በኩባ ስፓኒሽ ጓጓ ማለት አውቶቡስ ነው። በፖርቶ ሪኮ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክና የስፔን ግዛት በሆኑት የካናሪ ደሴቶችም እንዲሁ። ላስ ፓልማስ የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ስሙ ራሱ «ጓጓስ» ይላል። ኩባዎች አንድ ነገር ሳይከፍሉ ሲያገኙ ደግሞ «ዴ ጓጓ» አገኘሁት ይላሉ። ሌላ አገር ስትሄዱ ይህ ሁሉ ይቀራል። ሜክሲኮ አውቶቡሱን «ካሚዮን» ትለዋለች። ስፔን ውስጥ ካሚዮን የሚባለው እንደኛው የጭነት መኪናው ነው። አርጀንቲና «ኮሌክቲቮ»፣ ቺሌ «ሚክሮ» ይሉታል።

ቺሌ ጓጓ የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፤ ግን ሕፃን ነው። በቦሊቪያ፣ በፔሩና በኢኳዶርም ሕፃን ነው። ቃሉ የመጣው ከኢንካዎች ዘመን በፊት ጀምሮ በአንዲስ ተራሮች ከሚነገረው ከኬችዋ ቋንቋ ሲሆን፣ እነሱ «ዋዋ» ይላሉ። የሚያለቅስ ሕፃን ሰምቶ ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልግም። ኢኳዶር ውስጥ ሙታን በሚታሰቡበት በኖቬምበር 2 በተጠቀለለ ሕፃን ቅርጽ የሚጋገር ዳቦ አለ፤ «ጓጓ ዴ ፓን»፣ የዳቦ ሕፃን ይሉታል። ኮላዳ ሞራዳ ከሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ትኩስ መጠጥ ጋር ይበላል። ለሙታን መታሰቢያ የሕፃን ቅርጽ መጋገራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ አጎቴ ልመለስ። ልጁ ማድሪድ ትኖራለች፤ ያገባችው የቺሌ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ የባሏ እናት ልታርሳት ከቫልፓራይሶ ተነስታ ልትመጣ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። መውለጃዋ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። አንድ ሌሊት የአጎቴ ስልክ ጮኸ። የአማቹ እናት የድምፅ መልእክት ነው፤ አጭር፣ በጥድፊያ የተነገረ፤ «ያ ዬጎ ላ ጓጓ!»

የኩባው ልጅ እንቅልፉን እያሻሸ «አውቶቡሱ መጣ» ሲባል ሰማ። ሴትዮዋ ወደ አየር ማረፊያ መሄዷ ነው አለ። የትምህርት ቤቱን ወግ አልረሳምና ወዲያው መለሰ፤ «ብዌን ቢያሄ!» መልካም ጉዞ! ከዚያ ተመልሶ ተኛ።

ጓጓው ግን ያለ ጊዜው የተወለደ የልጅ ልጁ ነበር። ማሞቂያ ውስጥ፣ ሁለት ኪሎ እንኳ የማይሞላ። እንዲህ ላለ ልጅ «መልካም ጉዞ» የሚል መልስ ለመጣላት አያት፣ እንዴት እንደሆነች አስቡት። ሴትዮዋ እያለቀሰች ለልጇ ደወለች፤ ልጇ ለሚስቱ ነገራት፤ የአጎቴ ልጅ ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሆና ለአባቷ ደወለች። «አባዬ፣ ምን አድርጌህ ነው?» አለችው። አጎቴ ሲተርክልኝ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይቀንሳል። ነገሩን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጅቶበታል። ለሴትዮዋም ራሱ ደውሎ፣ ኩባ ውስጥ በዚያ ስም ስንት ዓመት እንደተሳፈረ ነገራት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

ልጁ አሥራ ዘጠኝ ቀን ማሞቂያ ውስጥ ቆየ። በነዚያ ቀናት አጎቴ ስልኩን ትራሱ ሥር እያደረገ ነበር የሚያድረው፤ ሚስቱ ቡና ስታቀርብለት ስኒው እፊቱ ይቀዘቅዛል። የእኛዋን ጓጓ ያኔ በዓይኔ አየኋት።

አሁን ልጁ ሰባት ኪሎ አልፏል። የቀረች አንዲት ክርክር አለች። ቺሌዎች ጓጓን ለወንድም ለሴትም በሴት አንቀጽ ነው የሚጠሩት፤ «ላ ጓጓ»። አጎቴ «ወንድ ልጄን እንዴት ላ ትሉታላችሁ!» እያለ ይቆጣል። ሴትዮዋም መልስ አላጣችም። ፎቶ በላከች ቁጥር ከሥሩ ትጽፍለታለች፦ «ላ ጓጓ፤ ጎማ የሌላት።»