ሳይለኩ መለወጥ ጥገና አይደለም

የልብስ ማጠቢያ ማሽን በከተሞቻችን በብዙ ቤቶች የሚገኝ መሣሪያ ሆኗል። ሞተሩ አልነሳ ያለ ዕለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይደረጋል። ወይ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ተብሎ ይፈረድና ለአዲስ ሞተር ገንዘብ ይፈለጋል፤ ወይም ዕቃ አንድ በአንድ እየተለወጠ ዕድል ይሞከራል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መንገዶች አንድ ዓይነት ጉድለት አለባቸው፤ ይኸውም ከፍርዱ በፊት ምርመራ አለመኖሩ ነው። የሞተርን ብልሽት በቤት ውስጥ መመርመር የተማርነው ፊዚክስ በእርግጥ የገባን መሆን አለመሆኑ የሚታይበት ሥራ ነው፤ ስለሆነም ለተማሪዎቻችን ሊሰጥ የሚገባ ሥራ ነው።

ለአብነት ባለ ሁለት ገንዳውን ማሽን እንውሰድ። ማጠቢያው ሲከፈት ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ይህ ምልክት ብዙ ይናገራል። ማጉረምረሙ በሞተሩ ጥቅል ሽቦ ውስጥ ከረንት እንደሚያልፍ ያመለክታል። በመሆኑም ስፒናው፣ ባልቦላውና የሰዓት መቆጣጠሪያው ከተጠርጣሪነት ይወጣሉ ማለት ይቻላል። የሚቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ሞተሩን አንድ ነገር አግዶት ይሆናል፤ ካፓሲተሩ ደክሞ ይሆናል፤ ከሁለቱ ጥቅሎች አንዱ ተቋርጦ ይሆናል፤ አለዚያም ቮልቴጁ ወርዶ ይሆናል። ምንም ድምፅ ባይሰማ ኖሮ ግን የመላ ምቶቹ ዝርዝር ሌላ በሆነ ነበር።

ካፓሲተሩ ለምን ይጠረጠራል? ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። እንዲህ ያለው ከረንት በአንድ ጥቅል ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል እንጂ አይዞርም። የሚመላለሰው መስክ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት እኩል መስኮች ድምር ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። የቆመውን ሞተር አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ በእኩል ኃይል ስለሚስቡት ባለበት ይቀራል። ካፓሲተሩ በረዳት ጥቅሉ የሚያልፈው ከረንት ከዋናው ጋር ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ የፌዝ ልዩነት እንዲኖረው ያደርጋል። የሚዞር መስክ የሚፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ጋሊሌዮ ፌራሪስና ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1888 በየፊናቸው ይፋ ያደረጉት ሐሳብ ዛሬ ልብሳችንን ያጥባል።

የቮልቴጁም ነገር ችላ የሚባል አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ሞተር የማዞር ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። 220 የነበረው ቮልቴጅ ወደ 180 ቢወርድ መነሻው የማዞር ኃይል ወደ 67 በመቶ ገደማ ያሽቆለቁላል። እንዲህ ያለ ማሽን አምፖሎች በሚደክሙበት ሰዓት «ይታመማል»፤ መብራቱ ሲበረታ «ይድናል»። በዚህ ምክንያት ሞተር ያስለወጠ ሰው ገንዘቡን ያወጣው በጤነኛ ዕቃ ላይ ነው። ደግነቱ ባለ ሁለት ገንዳው ማሽን በአብዛኛው ለማጠቢያና ለመጭመቂያ የተለያዩ ሞተሮች አሉት። የመጭመቂያው ሞተር በዚያው ሰዓት በደንብ ከተነሳ በቮልቴጁ ላይ ያለን ጥርጣሬ ይቀንሳል። በቤተ ሙከራ ማነጻጸሪያ የምንለው ይህንኑ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ የሚካሄደው ስፒናው ተነቅሎ፣ ውኃው ፈስሶና ወለሉ ደርቆ ነው። ቺንጋው ሲወልቅ የሞተሩ ዘንግ በእጅ በቀላሉ ከዞረ ሞተሩ አልታገደም ማለት ነው። በአንጻሩ ዘንጉ ከጠነከረ ኩሽኔታው ይጠረጠራል፤ ዘንጉ ዞሮ የገንዳው መዘውር ካልዞረ ደግሞ ችግሩ ከገንዳው በኩል ነው፤ አንዲት ካልሲም ልትሆን ትችላለች። ቀጥሎ ካፓሲተሩ ይለካል። ይሁንና ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም። በካቻቢቴ አጋጭቶ ማራገፍም ብልጭታ የሚፈጥር መጥፎ ልማድ ነው። የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተሸፈነ መቆንጠጫ ተይዞ በጫፎቹ መካከል ቢደረግ የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይራገፋል፤ መራገፉም በቮልት መለኪያ ይረጋገጣል። ከዚያ ገመዱ ተነቅሎ ይለካል። 10 ማይክሮፋራድ፣ ሲደመር ሲቀነስ 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈበት ካፓሲተር 6 ካሳየ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ጤነኛ ከሆነ ግን ምርመራው ወደ ጥቅሎቹ ይሻገራል፤ የተቋረጠ ጥቅል በኦም መለኪያ ላይ ወሰን የለሽ ሬዚስታንስ ያሳያል።

አንዳንድ ሰዎች ማሽኑ ኤሌክትሪክ ላይ እንዳለ ዘንጉን በእጅ ገፍተው ያስነሱታል። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግፊቱ ከሁለቱ መስኮች አንዱ እንዲያሸንፍ ስለሚረዳ ትክክለኛ ፈተና ነው፤ ነገር ግን ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል። ያንኑ መልስ መለኪያው ያለአደጋ ይሰጠናል። የሚያጉረመርምን ሞተር «ይነሳ ይሆናል» ብሎ መጠበቅም አይገባም። የታገደ ሞተር ከመደበኛው 4 እጥፍ ከረንት ቢስብ በጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት 16 እጥፍ ይሆናል። በጥቂት ብር ካፓሲተር ይድን የነበረ ሞተር በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ይቃጠላል።

«ኤሌክትሪክ ለባለሙያ ይተው» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ግማሽ እውነት ይዘዋል። በጥቅሉና በማሽኑ ብረት አካል መካከል ግንኙነት መኖሩን መለኪያው ካሳየ ማሽኑ ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ዳግመኛ ሳይሰካ ለባለሙያ ሊሰጥ ይገባል። የሞተር ጥቅለላም የባለሙያ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ምርመራና ጥገና የተለያዩ ናቸው። ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው የቱ ጋ፣ መቼና እንዴት እንደሚያመው ቢናገር ሐኪሙን እንደሚረዳ ሁሉ፣ ምልክቱንና የለካውን ቁጥር ይዞ ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰውም በግምት ለሚለወጥ ዕቃ አይከፍልም።

የትምህርታችን ነገር የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የፌዝ ልዩነትን በሰሌዳ ላይ ያለ ስህተት የሚያሰላ ተማሪ ቤቱ ያለው ሞተር ሲያጉረመርም ያንኑ ቀመር እየሰማ መሆኑን ካላወቀ ያስተማርነው ግማሹን ብቻ ነው። ፈተናዎቻችን ዘወትር የታወቀ ዑደት ሰጥተው ውጤቱን ይጠይቃሉ፤ ሕይወት ግን ውጤቱን ሰጥታ ምክንያቱን ትጠይቃለች። ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎቻችን የተበላሹ ሞተሮች እንዲቀመጡ፣ ተማሪውም በመምህር ቁጥጥር ሥር ምልክቱን ጽፎ፣ መላ ምቱን ደርድሮ፣ ለክቶ እንዲፈርድ እንዲደረግ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚጣል ሞተር በየጥገና ቤቱ አይጠፋም፤ መለኪያውም ውድ አይደለም። የሚያስፈልገው ከመለወጥ በፊት መለካትን ልማድ ማድረግ ነው።