የጋለ ጎማ አታስተንፍሱ!

ከአዋሽ አልፎ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በጥንቃቄ ስም በየቀኑ የሚፈጸም ጥፋት አለ። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ይቆማል። ረዳቱ ወርዶ ጎማውን በመዳፉ ይነካና «ኧረ ይሄ ግሏል!» ይላል። ሹፌሩ «በል ትንሽ ቀንስለት» ይለዋል። ቫልቩ ይጫናል፣ ንፋሱ እየጮኸ ይወጣል፤ ሁለቱም ከአደጋ የተረፉ መስሏቸው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ይህን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጎማውን ለፍንዳታ ያዘጋጁት በዚያች ደቂቃ ነው!

ሂሳቡን እንሥራው። 120 ፒኤስአይ የሚሞላ የሲኖትራክ ጎማ አዲስ አበባ ላይ በማለዳ ብርድ፣ በ10 ዲግሪ፣ በልኩ ተሞላ እንበል። ሚሌ ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር 60 ዲግሪ ቢገባ መለኪያው 140 ገደማ ያሳያል (ከደጋ ወደ ቆላ መውረዱ የሚያመጣውንም ልዩነት አስቤበታለሁ)። ይህ ጤነኛ ጎማ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠን ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ በጉዞ ሙቀት የሚጨመረውን እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል። ሹፌሩ ግን ደንግጦ 20 አስተነፈሰ። ሌሊቱን አድሮ በ25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚቀረው 106 ብቻ ነው። ጭነቱ ደግሞ አንድ ኪሎ አልጎደለም።

ንፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ አብዝቶ ይተጣጠፋል። መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱም ላስቲኩን በውስጡ ካለው የብረት ሽቦ ያላቅቀዋል። በሚቀጥለው ማረፊያ ረዳቱ ሲነካው ከበፊቱ ብሶ ያገኘዋል፤ እንደገና ያስተነፍሳል። ዲችኦቶ ላይ ጎማው ተበጣጥሶ አስፋልት ላይ ሲቀር «የአፋር በረሃ ነው» ይባላል። በረሃውን ተዉት! ጎማዎቹ ሁሉ እኩል ከጋሉ መንገዱና ፀሐዩ ነው፤ አንዱ ለብቻው ከጋለ ግን ወይ ንፋስ አንሶታል፣ ወይ ፍሬን ይዞታል። መፍትሔው ቆሞ ማቀዝቀዝና ምክንያቱን መፈለግ ነው።

ጎማ በዱላ መትቶ ድምፁን ማዳመጥም ልምድ ተብሎ ሲወደስ እሰማለሁ። 120ን ከ95 የሚለይ ጆሮ የለም። በተለይ ጥንድ ጎማ ላይ የውስጠኛው በደከመ ቁጥር ጓደኛው ያለ ልኩ ይሸከማል፤ ጥፋት የሌለበት እሱ ቀድሞ ሊፈነዳም ይችላል።

መዘዙ መንገድ ላይ አያልቅም። ከሚገባው 20 በመቶ ንፋስ ጎድሎት የተነዳ ጎማ፣ ለ120ው 96 ማለት ነው፣ በሙያው ሕግ ተንፍሶ እንደተነዳ ይቆጠራል። ሽቦ እየደጋገሙ ሲያጥፉት እንደሚበጠስ ሁሉ የጎኑ ሽቦዎች ውስጥ ውስጡን ተበጥሰው ሊሆን ይችላል። ጎሚስታው ይህን በዓይኑ አያየውም። ኮምፕሬሰሩን ይሰካና አጎንብሶ ይሞላል፤ ጎኑ ድንገት ሲተረተር ሰው ይገድላል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ በቀለበት የሚታሰር የከባድ መኪና ቸርኬ ላይ የተገጠመን ጎማ በብረት ፍርግርግ ውስጥ አስገብቶ መሙላትን እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ያስገድዳል። የእኛ ጎሚስታ ግን ብዙውን ጊዜ ልጅ እግር ወጣት ነው፤ በእሱና በጎማው መካከል ምንም የለም። ማን ነገረው? ማንም!

ሹፌሩን ብቻ ተቆጥቼ አልተውም። ባለንብረቶች ሆይ፣ በሚሊዮን ብር ለገዛችሁት መኪና አንድ ደህና መለኪያ ለመግዛት እጃችሁ ለምን ያጥራል? ሹፌሩ ማለዳ ሞተር ሳያስነሳ ጎማዎቹን በሙሉ፣ የውስጠኛውንም ጭምር፣ በቀዝቃዛው የሚለካበት ጊዜ ስጡት። «ወደብ ላይ ወረፋ ያልፍሃል» እያላችሁ ሌሊቱን በስልክ ስታዋክቡት አድራችሁ፣ ጎማው ሲፈነዳ ዋጋውን ከደመወዙ መቁረጥ ግፍ ነው!