የድምፅ ሳጥኑን የያዘው ማን ነው?

ከድንበራችን ማዶ፣ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ምድር መንደር 8 የሚባል ሥፍራ ይገኛል። በ2020 (የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ድንበር ተሻግረው መጀመሪያ ካረፉባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይኸው መንደር ነበር። ወገኖቻችንን ያስጠጋውን ጎረቤት ታሪኩን ማወቅ የወዳጅነት ግዴታ ነው። ከዚያም ታሪክ ውስጥ ለወታደሩና ለከተማው ነዋሪ እኩል ትምህርት የሚሰጠው፣ የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዲሞክራሲ አስተምርሃለሁ፣ ምርጫም አደርግልሃለሁ ባለው ጊዜ የሱዳን ሕዝብ ለምን እንዳላመነው የሚያስረዳው ክፍል ነው።

ሱዳን ከ1899 ጀምሮ በስም የእንግሊዝና የግብጽ የጋራ ግዛት፣ በተግባር ግን የእንግሊዝ ቅኝ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሱዳን ወታደሮች በከረን ተራሮች ተዋግተዋል፤ በጎጃምም ከአርበኞቻችን ጎን ተሰልፈው ፋሽስት ኢጣሊያን ወግተዋል። በ1942 የሱዳን ምሩቃን ጉባኤ፣ ጦርነቱ እንዳበቃ ሕዝቡ ዕድሉን ራሱ እንዲወስን በጽሑፍ ጠየቀ። የአስተዳደሩ ዋና ጸሐፊ ዳግላስ ኒውቦልድ ግን ጥያቄውን ሳይቀበል መለሰው። ለሌላው ነፃነት ደሙን ያፈሰሰ ሕዝብ ስለ ራሱ ነፃነት በጠየቀ ጊዜ የመለሱለት ይህን ነበር። አለመተማመኑም ሥር የሰደደው ከዚህ ላይ ነው።

በ1944 አስተዳደሩ ለሰሜን ሱዳን አማካሪ ምክር ቤት አቋቋመ። ምክር ቤቱ ከማማከር በቀር ሥልጣን አልነበረውም፤ ደቡቡም በውስጡ አልተወከለም። በዚያው ሰሞን በገዳሪፍ ሜዳ ለጦሩ ቀለብ የሚሆን ማሽላ በትራክተር ማሳረስ ተጀመረ። መሬቱ ለማን ቀለብ እንደሚታረስ ያልተጠየቀ ገበሬ፣ ስለ አገርህ አስተዳደር እናማክርሃለን ቢሉት እንዴት ይመን? እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ነው።

በ1948 የሕግ አውጪ ጉባኤ ምርጫ ታወጀ። ይሁን እንጂ ቀጥተኛው ምርጫ በጥቂት ከተሞች የተወሰነ ነበር። ጉባኤው የወሰነውን የበላይ ገዥው ሊሽረው ይችል ነበር፤ የአገሪቱ ሕገ መንግሥትና የወደፊት ዕጣ ደግሞ ከጉባኤው ሥልጣን ውጭ ተደረገ። ስለሆነም በኢስማዒል አል-አዝሃሪ የሚመራው የአሺቃ ፓርቲና መሰሎቹ ምርጫውን አንካፈልም አሉ። ሰልፍ ወጣ፤ ሰውም ሞተ። ገዥዎቹ ግን ሕዝቡ ገና አልበሰለም፣ ማንበብና መጻፍ አያውቅም እያሉ ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ ጫኑት።

ይህ ክስ ሐሰት መሆኑን ለማረጋገጥ አምስት ዓመት በቂ ነበር። በየካቲት 1953 እንግሊዝና ግብጽ ባደረጉት ስምምነት፣ ምርጫውን የሚቆጣጠር ቅይጥ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከሰባቱ አባላት ሦስቱ ሱዳናውያን ሲሆኑ፣ ሰብሳቢው የሕንዱ የምርጫ ባለሥልጣን ሱኩማር ሴን ነበሩ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነበር። ያልተማረውም ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ያልተማረው ነበር። የተለወጠው የድምፅ ሳጥኑን የያዘው እጅ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምርጫ የአል-አዝሃሪ አዲስ ፓርቲ ከ97 መቀመጫዎች 51ዱን አሸነፈ። እንግሊዞች ይህን ውጤት አልተመኙትም፤ ነገር ግን ሊሽሩት አልቻሉም። ጥር 1 ቀን 1956 ሱዳን ነፃ ወጣች።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ባለን ነበር። ዳሩ ግን ይህን የምንጽፈው የወታደር ልብስ ለብሰን ነውና ቀሪውን አንሸፋፍነውም። ነፃነቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር 1958፣ ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ መንግሥቱን ያዙ። በ1969፣ በ1989ና በ2021ም ጠመንጃ ሥልጣን ላይ ወጣ። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ጠመንጃ ከጠመንጃ ጋር ተጣልቶ አገሪቱን በእሳት ለበለባት። ትናንት ስደተኛ ያስጠጋ ሕዝብ ራሱ ከቤቱ ተፈናቀለ። ቅኝ ገዥው ለቆት የሄደውን የጥርጣሬ መንበር የገዛ አገር ወታደር ወረሰው ማለት ነው።

ስለዚህ ሕዝብ አያምነንም ብሎ የሚያማርር አስተዳደር፣ የውጭም ይሁን የአገር ልጅ፣ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። የሰጠው ምክር ቤት መወሰን ይችላልን? የማይወደው ውጤት ቢመጣ ይቀበላልን? ሳጥኑንስ ማን ይጠብቀዋል፣ ማንስ ይቆጥረዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በሌለበት ሥፍራ አለመተማመን የሕዝብ ድንቁርና ሳይሆን የሕዝብ ማስተዋል ነው።

የወታደር ተግባር መራጩ በሰላም ደርሶ በሰላም እንዲመለስ መንገዱን መጠበቅ ነው። ከሳጥኑ አጠገብ ሲደርስ ግን ፊቱን ወደ ውጭ፣ ጀርባውን ወደ ሳጥኑ አዙሮ ይቁም። የከተማው ነዋሪም በበኩሉ ጥርጣሬውን በሹክሹክታ ሳይሆን በግልጽ ጥያቄ ያቅርብ። እኛም ጥያቄውን እንደ አድማ ሳይሆን እንደ ዜጋ መብት ስንሰማው፣ ያን ጊዜ እምነት ይጀመራል።