በስክሪን የሚታይ ሥራ ፈላጊና ቢሮ የሚገባ ሥራ ፈላጊ እኩል ይመዘናሉ?

ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ አሠሪዎች ሥራ ፈላጊን መጀመሪያ የሚያነጋግሩት በዙም ሆኗል። ከቴል አቪቭ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚርቀው የአሽቀሎን ነዋሪ ይህ እፎይታ ይመስላል። የባቡርና የአውቶቡስ ወጪ ይቀራል፤ ሥራ ላይ ያለ ሰውም የቀን ደመወዙ አይቆረጥበትም። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ሳይረኑ በየጊዜው ሲጮህ በነበረባቸው ወራት ደግሞ ከማማድ አለመራቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ሆኖም የቀረው ወጪ በሌላ በኩል ሊከፈል ይችላል። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በቪዲዮ የቀረቡ አመልካቾች በአካል ከቀረቡት ያነሰ ነጥብ ተሰጥቷቸዋል፤ ይቀጠሩ የተባሉትም ጥቂት ነበሩ። አመልካቾቹም በበኩላቸው በስክሪን ያዩትን ጠያቂ ብዙም አላመኑትም።

አንዱ ምክንያት ዐይን ነው። ካሜራው የሚገኘው ከስክሪኑ በላይ ስለሆነ፣ የጠያቂውን ፊት የሚያይ ሰው ለጠያቂው ወደ ታች ያቀረቀረ ሆኖ ይታየዋል። በአገር ቤት ታላቅን ትኩር ብሎ አለማየት ጨዋነት ነው። እስራኤል ውስጥ ግን ጠያቂው በራስ አለመተማመን አድርጎ ሊወስደው ይችላል። በዚህ ሥርዓት ያደገ ልጅ፣ አሽቀሎን ቢወለድም፣ በካሜራ ፊት ሁለት ጊዜ ይጎዳል ማለት ነው።

ሌላው ብርሃን ነው። መስኮት ከጀርባ ሲሆን ካሜራው ራሱን የሚያስተካክለው ለደማቁ ብርሃን ስለሆነ ፊት ይጨልማል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ፈገግታው ጭምር ይጠፋል። ማሽንም ከዚህ ስህተት ነጻ አይደለም። ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፊት አይቶ ጾታ የሚለዩ ፕሮግራሞች ጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ፣ ነጭ ወንዶች ላይ የተሳሳቱት ከ1 በመቶ በታች ነበር። ሃየርቪው የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም የአመልካቾችን የፊት ገጽታ በኮምፒውተር መመዘን መተዉን በ2021 አስታውቋል።

በአካል መቅረብም ቢሆን ከአድልዎ አያድንም። የቆዳ ቀለምና የአነጋገር ዘዬ በር ላይ ይታያሉ፣ ይሰማሉ። ለረጅም ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት፣ ምዘናን ይበልጥ ትክክለኛ የሚያደርገው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብና አስቀድሞ በተወሰነ መለኪያ ነጥብ መስጠት መሆኑን ነው። ስለዚህ ትልቁ አደጋ ያለው በመደባለቁ ላይ ነው። ለአንድ ሥራ የቴል አቪቩ አመልካች ቢሮ ገብቶ እጅ ከጨበጠ፣ የአሽቀሎኑ ደግሞ በስክሪን ከአንገት በላይ ብቻ ከታየ፣ ሁለቱ በአንድ ሚዛን አልተመዘኑም።

ስለዚህ «ሌሎቹም አመልካቾች በቪዲዮ ነው የሚጠየቁት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሌሎቹ በአካል የሚቀርቡ ከሆነ፣ መንገዱ ቢያደክምም መሄዱ ይሻላል። የ1988 የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ ስድስትና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ በዘር፣ በትውልድ አገር፣ በዕድሜ ወይም በመኖሪያ ቦታ አመልካቾችን እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ሕጉ መቅጠርንም ይጨምራል። ተበደልኩ የሚል ሰው ለሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን ማመልከት ይችላል።

ቃለ መጠይቁ ከቤት ከሆነ ደግሞ ቤተሰብም ድርሻ አለው። መብራቱ ከፊት፣ ስልኩ ከዐይን ትክክል ይሁን። ቡናው ለግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ እንግዳም ካለ ወደ ሌላ ክፍል ይግባ። ልጁ ወይም ልጅቷ ሲናገሩ ካሜራውን ትኩር ብለው ቢያዩ፣ ለዚያች ሰዓት ድፍረት አይባልም።