ላም አለኝ በሰማይ ወንጌል አይደለም



ሰሞኑን ከራኩባ ራኩባ የሚዞር አንድ ትምህርት አለ። ያሰብከውን ትሆናለህ፣ በአፍህ ያወጅከው ይፈጸማል፣ ክፉ ካሰብክም ክፉ ይመጣብሃል የሚል ነው። የሚሰበከው በክርስቶስ ስም ነው። በስልክ «ተቀበል!» የሚሉ ነቢያትም «ዘር» ይጠይቃሉ፤ የራሽን ማሽላ ተሸጦ ገንዘቡ ይላካል። ይህን ትምህርት ዝም ብሎ ማየት ለክርስቲያን አይገባም።

አስቀድመን ምንጩን እንወቅ። ከሐዋርያት የመጣ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ ውስጥ «አዲስ አስተሳሰብ» የተባለ ንቅናቄ፣ የሰው አሳብ በሽታን ያሸንፋል ብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኖርማን ቪንሰንት ፒል የተባለ ቄስ ስለ ቀና አስተሳሰብ ኃይል መጽሐፍ አሳተመ። ኬኔት ሄገን በእምነት የተናገሩት ይሆናል የሚለውን ስብከት በዓለም አሠራጨ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ዘ ሲክሬት» ደግሞ የምንመኘውን የሚያመጣልን ዓለመ ፍጥረት ራሱ ነው አለ። አንደኛው እግዚአብሔርን ሎሌ አደረገው፤ ሌላኛው ጨርሶ አሰናበተው።

ሰባኪዎቹ አብዝተው የሚጠቅሱት ኤርምያስ 29፥11ን ነው፤ እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሰላም አሳብ እንዳለው የሚናገረውን። ታዲያ ለማን ተጻፈ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ወደ ባቢሎን ለተጋዙ፣ ለእኛ ቢጤዎች! ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር ግን አያነቡልንም። ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤው ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆች እንዲወልዱ ያዛል። በምዕራፍ 28 ደግሞ ሐናንያ የተባለ ነቢይ ምርኮኞቹ በሁለት ዓመት ይመለሳሉ ብሎ አወጀ፤ ከኤርምያስ አንገትም የእንጨቱን ቀንበር ወስዶ ሰበረ። ልብ በሉ፣ ኤርምያስም በበኩሉ አሜን ብሏል፤ የወገኑን መመለስ እሱም ይመኝ ነበር። ምኞቱን ግን ትንቢት ብሎ አልሸጠም። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ምርኮኛውም ሁለት ዓመት አልፎ በባቢሎን ቀረ።

ከስሕተቱ ጭካኔው ይብሳል። በ1977 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ተስፋ አድርገው በእግራቸው የመጡት ቤተ እስራኤሎች ኡም ራኩባ ሰፍረው ነበር። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች 4,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። በዚያን ጊዜ በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ሕፃናትን ከፈጁት በሽታዎች ዋነኛው ኩፍኝ ነበር፤ መከላከያውም ክትባት እንጂ አዋጅ አልነበረም። እነዚያ ሕፃናት ክፉ አስበው ነው የሞቱት? ልጇን በወባ ላጣች እናት «በአፍሽ ጠራሽው» ማለት የኢዮብን ወዳጆች ሥራ መድገም ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነርሱ ነበር።

«ታዲያ ተስፋ እንቁረጥ?» የሚለን ይኖራል። የለም! ተስፋ መቁረጥም ይገድላል። ነገር ግን የሐሰት ተስፋም ይገድላል። ቪክቶር ፍራንክል የተባለው ሐኪም በናዚ ካምፕ ያየውን ሲጽፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ለገና ቤታችን እንገባለን ብለው ቀን የቆረጡ ብዙ እስረኞች ገና ሲያልፍ እንደሞቱ ይተርካል። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ ፈቃዱን ግን ለአብ ተወ። ጽዋው አላለፈም፤ ትንሣኤው ግን መጣ። የእኛ ተስፋ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ አገር የሚደርሰው ከዓለም ስደተኛ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ካናዳን አውጃለሁ ብሎ ዐረብኛ አለመማር፣ ሙያ አለመያዝ፣ ልጅን ከትምህርት ማስቀረት እምነት አይደለም። ጸልዩ፤ ፎርማችሁንም ሙሉ። ልጆቻችሁን አስከትቡ፣ አስተምሩ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትነድ፣ ገዳሪፍ ከካርቱም የሸሸውንም ተቀብላለች፤ ደብዳቤው እንደሚያዘው ለዚች ከተማ ሰላም ለምኑ፤ ሰላሟ ሰላማችን ነውና። ገዳሪፍ የማሽላ አገር ናት። ዘር ያላችሁም በስልክ አትላኩት፤ መሬት ላይ ዝሩት።