ተሰፍቶ ስለሚቀጠል ጠጉር

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በየመሥሪያ ቤታችን ጠጉራቸውን በስፌት የሚያስቀጥሉ እኅቶች ብዙ ስለ ሆኑ፥ በራሴ የደረሰው ለሌሎች ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ልጽፍ ወደድሁ። ሠሪዋ «ከጠበቀ ይቆያል» ብትለኝ፥ ሕመሙን ችዬ ሦስት ወር አቆየሁት። ሲፈታ የግንባሬ ዳር ሳስቶ ተገኘ።

የተፈጥሮ ጠጉር የሚያስመስለው ማጥበቅ አይደለም። ከሥር ያለው ሹሩባ ቀጭንና ጠፍጣፋ ሆኖ ሲሠራ፥ ክሩ ቆዳን ሳይስብ በሹሩባው ላይ ሲሰፋ፥ በግንባር ዳርና ጠጉር በሚከፈልበት መሥመር የራስ ጠጉር ተትቶ ስፌቱን ሲሸፍን፥ የሚቀጠለውም በቀለሙና በጥቅልሉ ከራስ ጠጉር ጋር ሲስማማ ነው። ከሁለት ወር በላይ ባይቆይ መልካም ነው፤ ሲታጠብም እስከ ሹሩባው ሥር ይድረቅ።

ሥሩ ለብዙ ጊዜ የተሳበ ጠጉር ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ እኅቶቼ ሆይ፥ ወንበሩ ላይ ሳላችሁ ካመማችሁ «ይላላልኝ» ለማለት አትፈሩ። ለጥቂት ሳምንት ጌጥ የዕድሜ ልክን ጠጉር መስጠት ኪሳራ ነው። ባለሙያዎችም ዝም ያለችውን ሁሉ አላመማትም አይበሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ